የአክስቴ ኮምፒውተር ያሳየን ቦይ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጂን ታየኝ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ የማላውቀው ድምፅ በስሜ ጠራኝ የሚል ሰው ሲያወራ ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ፣ ጓደኞቼም በዚህ ይቀየሙኛል፣ "ሐያት፣ አንቺ ልብሽ ደረቅ ነው" ይሉኛል። ሥራዬም ቢሆን ለዚህ አይመችም፤ ወልድያ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፣ ኮምፒውተር ደግሞ እመኑኝ፣ ከተበላሸ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ ካልታየን ጥፋቱ የኛ ዓይን ነው። እስከዚያ ሰኞ ድረስ ለተማሪዎቼ የምለው ይህንኑ ነበር። አሁንም እላለሁ፣ ግን እንደ ድሮው አፌን ሞልቼ አይደለም።

አክስቴ ሩቅያና ባለቤታቸው አያ ሰይድ የሚኖሩት መርሳ ነው፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከቤታቸው ወረድ ሲባል ደግሞ በመስኖ የሚለማ ማሳ አላቸው፣ ሽንኩርትና ጥቂት ማንጎ። ልጃቸው ዘምዘም አግብታ ደሴ ስትሄድ አሮጌ ኮምፒውተሯን ትታላቸው ነበር፣ ያ ጀርባው የተቆለለ ስክሪን ያለውን፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርመውን። አክስቴ ማንበብ አይችሉም፣ ግን ቁርኣን የሚያሰማቸው ምልክት የቱ እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ፣ ከሰዓት ከሰዓት ከፍተው እየሰሙ ሥራቸውን ይሠራሉ። ታዲያ ዘምዘም ለዒድ መጥታ "ቦታው ጠቧል" ብላ ፋይሎቹን ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ስታግዝ ፕሮግራሞቹንም አብራ አጋዘቻቸው፣ ከዚያ ወዲህ አክስቴ የትኛውን ምልክት ቢነኩ የሚመጣው መልስ "አልተገኘም" ሆነ። ደውለው "ልጄ፣ ይህ ዕቃ ተቀየመኝ መሰለኝ" አሉኝ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ሚኒባስ ይዤ ሄድኩላቸው።

ስደርስ የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ ተሰግዶ ነበር። አክስቴ በር በሩን ያያሉ።

"አያ ሰይድስ?" አልኳቸው።

"ዛሬ የውሃ ተራው ነው፣ ማሳ ወርዷል" አሉኝ። "ሌላ ሰው ያጠጣልህ ብለው አልሰማ አለኝ።"

የውሃ ተራ ማለት እዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ውሃውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ተራህን ከነገረህ ሠርግ ቢኖርብህም ትገኛለህ፣ ካለፈህ ውሃው ዞሮ እስኪመጣ ሽንኩርትህ እያየህ ይደርቃል። አያ ሰይድ ደግሞ ስኳር አለባቸው፣ ባለፈው ክረምት ዝቅ ብሎባቸው መንገድ ላይ ወድቀው ነበር፣ ጤና ጣቢያም "ምግብ እንዳይዘለሉ፣ ጾም ይቅርብዎት" ተብለዋል።

"ምሳውንማ ቋጥሬ ሰጥቼዋለሁ" አሉ አክስቴ፣ ከኔ ይልቅ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። "ስልኩን ግን ውሃ ይገባበታል ብሎ ትቶት ሄደ።"

እኔ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ላይ የምታዩት ስም ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም፣ አድራሻውን የያዘ ጠቋሚ ነው፣ ሾርትከት የምንለው፤ ፕሮግራሙ ቤት ሲቀይር ጠቋሚው የድሮውን ሰፈር እያንኳኳ ይቀራል። ስለዚህ ሥራው አሰልቺ እንጂ ከባድ አይደለም፣ አንዱን በቀኝ ቁልፍ ትነካላችሁ፣ የተጻፈውን አድራሻ ትለውጣላችሁ፣ አስቀምጡ ትላላችሁ፣ ወደ ቀጣዩ ታልፋላችሁ። ከቁርኣኑ ጀመርኩ፣ ነጭ ሆኖ የነበረው ምልክት ቀለሙ ተመለሰ፣ ስነካው ግን የተከፈተው ቁርኣን አይደለም። ፎቶ ነው። አንድ ቦይ፣ ውሃ የሞላ፣ ዳሩ ላይ ትልቅ ሾላ፣ ከሾላው አጠገብ መሬት ላይ የተተከለ አካፋ።

ተሳስቼ ነው አልኩ። ዘጋሁት፣ አድራሻውን አየሁ፣ ልክ ነው። ወደ ሁለተኛው አለፍኩ፣ መጻፊያው ነበር፣ አስተካክዬ ነካሁት፣ ያው ፎቶ። ያው ቦይ፣ ያው ሾላ፣ አካፋው ግን ወድቋል። ሳቅሁ፣ እመኑኝ፣ ዘምዘም ፎቶ ስትደራርብ ሁለቱን አቀያይራ ይሆናል ብዬ ሳቅሁ። ሦስተኛው የሕፃናት ጨዋታ ነበር። ስነካው ፎቶው መጣ፣ በዚህኛው ውሃው ከቦዩ ወጥቶ በሣሩ ላይ ተንጣሏል፣ የሾላው ጥላም ረዝሟል። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ የውሃ ድምፅ፣ ድስት ሲሞላ እንደሚሰማው። የድምፅ ማውጫውን ገመድ ደግሞ ሥራ ስጀምር ሲጮህብኝ ጊዜ ነቅዬዋለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ አየዋለሁ። ጎንበስ ብዬ ሳጥኑን አዳመጥኩ፣ ማራገቢያው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ማራገቢያ እንደዚያ አይልም።

"ይህ የኛ ቦይ አይደል?" አሉ አክስቴ ከኋላዬ። መምጣታቸውን አልሰማሁም ነበር።

"ዘምዘም አንስታው ይሆናል።"

"ዘምዘም ስትመጣ ሽንኩርቱ መች ተተከለ?" ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ፣ ከውሃው ማዶ አረንጓዴው የሽንኩርት መደብ በደንብ ይታያል። ከዚያ ጣታቸው ወደ አካፋው ሄደ፣ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። "እጀታው ተሰንጥቆበት ይህንን ትናንት ማታ ነው ያሰርኩለት፣ በእጄ። ሰይድ ውሃ እየሄደ አካፋ አይጥልም፣ ሐያት።"

እኔም በዚያ ሰዓት እንኳ ልከራከር ፈለግሁ፣ አያችሁልኝ ድርቅናዬን፣ "አክስቴ፣ ይህ እኮ ፎቶ ነው" ስል እሳቸው ማጀት ገብተው ስኳር በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ ነበር። እግራቸውን እያማቸው እንኳ ከኔ ቀድመው ወጡ፣ እኔም ጫማዬን በወጉ ሳላደርግ ተከተልኳቸው።

ማሳው ሳንደርስ እግሬ ረጠበ። ውሃው መንገዱ ላይ ወጥቶ ይፈሳል፣ ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት፣ ምክንያቱም መርሳ ውስጥ ተራው የደረሰ ገበሬ ቆሞ እያየ ውሃ መንገድ ላይ አይፈስም። አያ ሰይድን ሾላው ሥር አገኘናቸው፣ ግንዱን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሲያዩን ሊናገሩ ሞክረው ምላሳቸው ተሳሰረ። አካፋው ወድቋል። ምሳቸው ከነቋጠሮው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አልተነካም።

አክስቴ ምንም አላለቀሱም፣ ስኳሩን በጣታቸው እየቆነጠሩ ወደ አፋቸው ያስገቡላቸዋል፣ "ዋጥ፣ ሰይድ፣ ዋጥ፣ ቢስሚላህ በል" እያሉ። እኔ ወደ መንገድ ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ። ስመለስ የአያ ሰይድ ዓይን ጠርቷል፣ ቀና ብለው አዩኝና "ሐያት፣ መቼ መጣሽ?" አሉኝ፣ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ፣ እያለቀስኩ እስቃለሁ፣ እየሳቅሁ አለቅሳለሁ።

"ምሳህን ለምን አልበላህም?" አሉ አክስቴ።

አያ ሰይድ መሬት መሬቱን አዩ። "ሰኞ አይደል። እንደ ድሮዬ ጾሜን ይዤ ነው።"

"ኪኒንህንስ?"

"ጎህ ሳይቀድ፣ ሱሑር ስበላ ዋጥኩት።"

"ኪኒን ውጠህ ቀኑን ሙሉ ሳትበላ፣ ፀሐይ ላይ አካፋ ይዘህ። አላህ ለታመመ ሰው ፈቅዶ የለም እንዴ?"

"ፈቅዷል" አሉ አያ ሰይድ፣ ከዚያ ቀስ ብለው "ይኸው ስኳር እያቃማችሁ ጾሜን አስፈታችሁኝ አይደል፣ በቃ ተይኝ" አሉ፣ ባጃጁ ውስጥ ሆነንም አክስቴ አልተዉአቸውም። ጤና ጣቢያ ስኳራቸውን ለክተው አዩላቸው፣ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብለው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት፣ አያ ሰይድም ምሽት ላይ በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ሽንኩርቱንም ጎረቤት አጠጣላቸው፣ የውሃ አባቱ ተራውን አራዘመላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እፎይ ያልኩበት ቀን የለም።

በማግሥቱ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ምልክቶች ሁሉ ቀለማቸው ተመልሷል፣ እጄ ያላረፈባቸው ጭምር፣ ቁርኣኑም መጻፊያውም ጨዋታውም የየራሱን ይከፍታል። ፎቶውን በሁለቱም ዲስክ ፈለግሁት፣ የተሰረዘም ያልተሰረዘም የለም፣ ዘምዘምንም በስልክ ጠየቅኋት፣ ቦይ ፎቶ አንስታ አታውቅም። ከዝርዝሩ ግርጌ ግን ስም የሌለው አንድ ነጭ ምልክት ነበር። አድራሻውን አየሁ፣ ባዶ ነው። ልሰርዘው ስል አክስቴ እጄን ያዙ፣ "ሰው ያተረፈ ነገር አይጣልም" አሉኝ። "እሺ ልክፈተው?" ስላቸው ግን እጄን አለቀቁትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ለመክፈት አልቸኮልኩም። እንዳለ ተውኩት።

አያ ሰይድ አሁን ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምሳቸውን አክስቴ ፊት ቁጭ ብለው ነው የሚበሉት፣ ማሳ ሲወርዱም ስልኩን በፌስታል ጠቅልለው ይይዛሉ። ባለፈው ሳምንት ግን አመሻሽ ላይ አክስቴ ደወሉልኝ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሏል።

"ሰይድ መግሪብ ሰግዶ አልተመለሰም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ፊቱ ተቀምጫለሁ።"

"አክስቴ፣ አይንኩት" አልኳቸው። "ተነሥተው መስጊድ በር ይሂዱ፣ እሳቸው የሚገኙት እዚያ ነው።"

ዘጉ። እኔ ስልኬን እንደያዝኩ መንገድ ላይ ቆምኩ፣ ባጃጁ ሁሉ ጡሩምባ እየነፋብኝ ያልፋል፣ አንድ ዱዓ ጀምሬ መጨረሻው ጠፋብኝ። መልሰው ሲደውሉ ከበስተጀርባ የአያ ሰይድ ሳቅ ተሰማኝ፣ ከወዳጃቸው ጋር ወሬ ይዘው ቆይተው ነው፣ ቤት ገብተዋል፣ ምንም አልሆኑም። እኔም ሳቅሁ፣ ትከሻዬ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደልኝ።

"ሳይመጣ በፊት ያቺን ነጭ ምልክት ነክቻት ነበር እኮ" አሉ አክስቴ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርገው።

"ምን አሳየዎት?"

"እሱን ተይው" አሉኝ። ከዚያ እራቴን በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።