የማን ትንፋሽ ነው?

ይሄ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። ከሰው አልሰማሁትም። «ውሸት ነው» ብላችሁ ኮሜንት የምትጽፉ ጀግኖች አትድከሙ፤ እኔም ከእናንተ ብሼ በሁሉም ነገር የምስቅ ሰው ነበርኩ።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፒያሳ፣ የሙኒር ወርቅ ቤት።

ሥራዬ አኳሪየም መግጠም ነው። አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ተምሬ የሀብታም ዓሣ ተንከባካቢ ሆኜ ቀረሁ፤ ደንበኞቼን ብንቃቸው አይፈረድብኝም።

ሙኒር ደግሞ ለመናቅ የተፈጠረ ደንበኛ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ስድስት መቶ ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አሠርቶ ተክል ተከለበት። በወሩ ተክሉ ቢጫ ሆነ። ውሃ ውስጥ ያለ ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካላገኘ ይራባል ስለው፣ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ስኳርና እርሾ በላስቲክ ጠርሙስ በጥብጦ ጋዙን በቀጭን ቱቦ መላክ ይቻላል አለኝ።

ለትንሽ ሳጥን አዎ። ለዚህ ግን በሬን በማንኪያ ውሃ ማጠጣት ነው።

አባቱ ሐጂ አብዱረህማን ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰሙናል። ስኳርና እርሾው ሲቆይ ምን እንደሚሆን ጠየቁኝ። አልኮል ይሆናል አልኳቸው። እሳቸው በሕይወት እያሉ እዚህ ቤት ጠጅ አይጣልም አሉ፤ በዚሁ አለቀ። በሆዴ ሳቅኩባቸው።

እናም የጋዝ ሲሊንደር ተመረጠ። የቀረውን ጋዝ የሚያሳይ ጌጅ አለው፣ መክፈቻና መዝጊያ ቫልቭ አለው፣ ጋዙ ሲያልፍ አረፋው የሚቆጠርበት ትንሽ ብርጭቆ አለው። ገጥሜ ልከፍተው ስል ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ።

«ልጄ፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?»

«ስንተነፍስ ከአፋችን የሚወጣው ነው፣ ሐጂ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የማን ትንፋሽ?»

ይታያችሁ። የማን ይላሉ። ሙኒርን በዓይኔ ጠቀስኩት።

«የእርስዎ ነው» አልኳቸው እየሳቅኩ። ቫልቩን ከፈትኩ።

አረፋውን በሰከንድ ሁለት አድርጌ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን የሙኒር እህት ሲሀም ደወለች። አረፋው በራሱ ቀንሷል። ሄጄ አየሁት።

አንድ... ቆም ይላል... አንድ።

አስተካከልኩት። በማግስቱም ያው ሆነ። ነካክታችሁት ነው ብዬ ተቆጣሁ። ያን ጊዜ ሐጂ ጥግ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ደረታቸው ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል አረፋ ይወጣል።

አጋጣሚ ነው አልኩ።

ከዚያ ሐጂን አሳላቸው።

ሦስት አረፋ ተከታትሎ ወጣ።

አሁንም አጋጣሚ ነው አልኩ። የተማረ ሰው ሲደነቁር እንዲህ ነው።

ማታ የአኳሪየሙ መብራት ሲጠፋ ጋዙ መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ዓሣዎቹ ይታፈናሉ። ሲሀም ግን አትዘጋውም። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይለምናሉ። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ሱቁ ሊዘጋ፣ ቫልቩን ያዝኩ።

«አትዝጋው» አለች በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«አንዴ ዘግቼው... አባዬ መተንፈስ አቆሙ።»

ሳቅኩባት። ዘጋሁት።

የሐጂ ማንኮራፋት ተቋረጠ... ከንፈራቸው ጠቆረ። ሲሀም እጄን ገፍትራ መልሳ ከፈተችው። አንድ አረፋ ወጣ። ሐጂ በረጅሙ ተነፈሱ።

ዓይናቸውን ገልጠው በእጃቸው ጠሩኝ። ጎንበስ አልኩ። አልተቆጡም፤ እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «የእኔ አይደለም። ያንተ ነው።»

ተነስተው ከዘራቸውን ጥለው ወጡ። ይኸው ሁለት ወር ሆናቸው፣ በየቀኑ ቸርችል ጎዳናን በእግራቸው ወርደው ይወጡታል።

እኔ በማግስቱ ብርጭቆው ፊት ቆሜ ትንፋሼን ያዝኩ።

አረፋው ቆመ።

ለቀቅኩ። ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቫልቩ ተዘግቶ አያውቅም፤ ዓሣዎቹን አውጥቻቸዋለሁ። ተክሉ ለምልሟል፤ ሙኒር ለደንበኞቹ ይጎርርበታል። የጌጁ መርፌ ግን ትናንት ቀዩ ውስጥ ገባ። ሲሊንደር ለመቀየር መጀመሪያ ቫልቩን መዝጋት ግድ ነው። እንዳትነካው ብዬ ለመንኩት፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። እኔ በአባቱ ላይ እንደሳቅኩት ነው የሳቀው። ኬሚስትሪ የተማርከው ይህን ለማመን ነው ወይ አለኝ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲሱን ሲሊንደር አምጥቶ ቫልቩን ያዘ። ሐጂ ከጥግ ሆነው ያዩኛል።

«እሺ፣ የማን ትንፋሽ ነው ታዲያ?» አለኝ ሙኒር እየሳቀ።

«ያንተ ነው» ብዬ ብመልስለት እንደምድን አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ...

ሐጂ አታድርገው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቃሉን አላወጣሁትም። ወላሂ አላወጣሁትም። የሙኒር ሳቅ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ፤ እጁን ከቫልቩ ላይ አንስቶ ደረቱን ያዘ።

ብርጭቆው ውስጥ አረፋው... አንድ በእኔ ትንፋሽ፣ አንድ በእሱ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ መውጣት ጀመረ።