ትንሿን ጀልባ ምረጡ

ይህ በገዛ ቤቴ የሆነ ነው። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ። አልጨምርበትም።

ዘመኑ በፈረንጆች 1997 ነው። ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ መንገድ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ እንኖር ነበር። የፍልሰታ ጾም ነው። እሁድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ፀሐዩ ገና አልበረደም።

ባለቤቴ ብርነሽ ሁለት የጀልባ ጉዞ ማስታወቂያዎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች።

የላከላት ልጃችን ባስልኤል ነው። አላስካ ሄዶ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። የልብ ቀዶ ጥገና ስታደርግ፣ «እማዬ፣ ሲሻልሽ የበረዶውን ተራራ አሳይሻለሁ። አንዱን ጀልባ ፒክ አድርጊ፣ እኔ ቡክ አደርጋለሁ» ብሏት ነበር።

«ትልቁ ምሳ አለው» አለች። «በረዶውን ግን ከሩቅ ነው የሚያሳየው። ትንሿ ጥጉ ድረስ ትገባለች... አቆስጣ የሚባለውን የባሕር አውሬም ታሳያለች።»

«በፍልሰታ ሳልሞን ሊያበሉን ነው?»

«አንተን በረዶ ያብሉህ!» ብላ ሳቀች። «በል እስቲ፣ ምረጥ።»

ወረቀቶቹን አነሳሁ።

ባስልኤል ሞቷል።

እኔ አውቃለሁ... እሷ አታውቅም።

የነገረኝ ዘነበ ነው፣ ሳን ሆዜ ያለው የዕድራችን ሰብሳቢ። ሐሙስ ዕለት የምሠራበት ፓርኪንግ ድረስ መጣ።

«ጋሼ ገዛኸኝ፣ እስቲ ይቀመጡ» አለኝ።

ባስልኤል ከሥራ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ ወጥቶ ነበር። ከተራራው ቤት የሚያክል በረዶ ተገንጥሎ ወደቀ። ማዕበሉ ገለበጣቸው።

«አስከሬኑስ?»

«አልተገኘም፣ ጋሼ።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ ብርነሽ እንዳይሰሙ። ስፌታቸው አልደረቀም። ሐኪሙ ይያቸውና ቅዳሜ በሳምንቱ፣ ንጋት ላይ መጥተን እናረዳቸዋለን። እስከዚያ እንዳያለቅሱ። ስልኩንም ይንቀሉት። አንዱ ሳያውቅ ደውሎ እግዜር ያጥናችሁ ይላል።»

ማታ ቤት ስገባ የስልኩን ሽቦ ከግድግዳው ነቅዬ ሶፋው ሥር ከተትኩት።

አላለቀስኩም።

እና ያን እሁድ... ስልኩ ጮኸ።

ብርነሽ አነሳችው።

«ሃሎ?... ባስልዬ!»

 ጎንበስ ብዬ ሶፋው ሥር አየሁ። ሽቦው እዚያው እንዳስቀመጥኩት ነው።

ጫፉ ግን ይንጠባጠባል... ውኃ።

«እሺ...» ትላለች። ፈገግታዋ ጠፋ። ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። «እሺ ልጄ... አልናገርም... እሺ።»

ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። እጄን አቃጠለኝ፣ ከቅዝቃዜው ብዛት።

መጀመሪያ የውኃ ድምፅ ብቻ ነበር። ቀጥሎ በሩቅ አንድ ትልቅ ነገር ሲሰነጠቅ ሰማሁ።

ቀጥሎ ትንፋሽ።

«አባዬ...»

የእሱ ድምፅ ነው።

«አባዬ... ለምን አይለቀስልኝም?»

ተቋረጠ።

«ምን አለህ?» አለች ብርነሽ፣ ፊቴን ሳታይ።

«መስመሩ ጥሩ አይደለም።»

«ትንሿን ምረጡ ነው የሚለው። ትልቁ እኔ ጋ አይደርስም አለ።»

በማግስቱ የትንሿ ጀልባ ወረቀት ርሶ አገኘሁት። መስኮት ላይ አሰጣሁት፣ ደረቀ። በነጋታው እንደገና ርሶ ነበር...

ሌላም ነገር አየሁ። ብርነሽ ማዕድ ስታቀርብ ለባስልኤል ሳህን ታስቀምጥ ነበር። ሩቅ ነው፣ ቢሆንም ታስቀምጣለች።

ያን ሳምንት አላስቀመጠችም።

ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ብዙ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ። መርዶ የያዘ ሰው አረማመዱ ያስታውቃል። የስፌቷ ነገር እያስጨነቀኝ ተነሣሁ።

ብርነሽ አልጋው ላይ አልነበረችም። ሳሎን፣ ጨለማው ውስጥ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች። ሹሩባዋን ፈትታዋለች።

«ክፈትላቸው» አለች በሹክሹክታ።

«ብርነሽ...»

«እሱ ራሱ ነግሮኛል። አንተ አልሰማህም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ደም ግፊትህን ፈርቼ።»

አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ የልጃችንን ሞት አንዳችን ከሌላችን ደብቀን ሰነበትን።

በሩን ከፈትኩ። ዘነበ አንድ ቃል ሳይናገር ብርነሽ ጮኸች። እኔም ጮኽኩ። ያን ቀን እንደዚያ እንደማለቅስ አላውቅም ነበር።

ልቧ ቻለላት። በቤታችን ስልክም ያ ድምፅ ዳግመኛ አልመጣም።

በዓመቱ ትንሿን ጀልባ ያዝን። አስከሬን ስላልነበረን የምናለቅስበት ቦታ ያ ብቻ ነበር።

በረዶው ጥግ ስንደርስ ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ።  አቆስጣዎቹ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ ተኝተዋል።

ድንገት ሁሉም አንገታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ።

ከበረዶው ውስጥ፣ ከጥልቁ... ስልክ ይጮኻል።

ካፒቴኑ ሬድዮውን አየ። ተሳፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ብርነሽ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገፋ አደረገች። የጀልባውን ብረት ይዛ ወደ ውኃው አጎነበሰች።

«አቤት፣ ልጄ» አለች።

ጥሪው ቆመ።