ያልወደቀው ክሪክ

ዓርብ ከቀትር በኋላ ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው የተከስተ ጋራዥ «ሰው መኪና ተጭኖት ሞተ» ተብሎ ሲደወል፣ ኢንስፔክተር ጃለኔ ሻይዋን ገና መቅመሷ ነበር። ጥላው ተነሳች። ይህች ሴት ሻይ ጥላ የምትነሳው ለሬሳ ብቻ ነው ይሏታል ባልደረቦቿ፤ ውሸትም አይደለም።

ከተጨፈለቀች ነጭ ኮሮላ ሥር የተወለወለ ጥቁር ጫማ ይታያል። ጫማው የአቶ አጽብሃ ነው፤ የተጎዱ መኪናዎችን ዋጋ ሲገምቱ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ያለ ሱፍ ልብስ ከቤት የማይወጡ ሽማግሌ።

የጋራዡ ባለቤት ተከስተ ላብ በላብ ሆኖ አስረዳ። ሠራተኞቹ ከፊሉ ለጁምዓ፣ ከፊሉ ለምሳ ወጥተው ነበር፤ እሱም ወሎ ሰፈር ዕቃ ሊገዛ ሄዶ ሲመለስ ያገኘው ይህንኑ ነው።

«ማለቴ፣ ራሳቸው መኪናዋን በክሪክ አንስተው ሥሯ ገቡ። መኪናዋ ተንከባለለች፣ ክሪኩ ወደቀ፣ በቃ። እኔ ምንም አልነካሁም።»

ጃለኔ ጎንበስ ብላ ዞረች። ክሪኩ እንደቆመ ነው፤ ዝቅ ብሏል እንጂ አልተጋደመም። የኋላ ጎማው ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ታኮ ተይዟል። የሟቹ ማጅራት ቆስሏል፤ ቀኝ አውራ ጣታቸው በእርሳስ ጠቁሯል። ኮፈኑን ስታስከፍት ደግሞ፣ የሁለት ወር አቧራ ከለበሰው ሞተር ጀርባ ላሜራው ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ተወልውላ ታበራለች። ጃለኔ ሳቅ አለች። ምን እንዳሳቃት ግን ለማንም አልተናገረችም።

ተጠርጣሪ ፍለጋው አላደከማትም። የመኪናዋ ባለቤት ወይዘሮ አጸደ የካዛንቺሱ ምግብ ቤቷ ሲፈርስ ያገኘችውን ካሳ ኮሮላ ላይ አውላ፣ በሹፌር እያሠራች የምትተዳደር ሴት ናት። መኪናዋ ባምቢስ አካባቢ ተጋጨች። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ሚልዮን «ከጥገና በላይ ናት፤ ከአደጋው በፊትም ዝገት የበላት ነበረች» ብሎ ያወጣው ግምት ሌላ ኮሮላ ቀርቶ ግማሹንም አይገዛም። አጸደ አልቀበልም አለች። በውላቸው መሠረት ሁለቱም የተስማሙበት ሦስተኛ ገማች ተመረጠ፤ አቶ አጽብሃ። እሳቸው ሞተው ሌላ ገማች እስኪመረጥ የመቃወሚያው ቀነ ገደብ ያልፍና የሚልዮን ግምት ይጸናል። አጸደም ያቺኑ ይዛ ያለ መኪና ትቀራለች፤ ያውም ካልታሰረች ነው። ሐሙስ ዕለት በአቶ አጽብሃ ላይ ስትጮህ ያላያት የለምና።

«አንቀዋቸው ነበር አሉ» አለቻት ጃለኔ።

«ክራቫታቸውን ነው የያዝኩት፣ እህቴ። አንገታቸው ከውስጥ ስላለ ነው እንጂ።»

«ምን አድርገውዎት?»

«ሹፌሬ መብራትና የፊት መከላከያዋ ፓራውልት ብቻ ነው የሄደው ይላል። እኔም መኪናዬ ዝገት የላትም እላለሁ። ማን ይስማን? እሳቸው ደግሞ ብረቷ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥሯን በእጄ ወረቀት ላይ ሳላነሳ አልፈርምም ብለው አጓተቱኝ።»

«ጋራዥ ሄደው አላዩዋትም?»

«ተከስተ ዘይት ነው፣ ትወድቂያለሽ ብሎ ከበር መለሰኝ። ታርጋዋን ከሩቅ አይቼ አልቅሼ ተመለስኩ።»

ሚልዮን በበኩሉ ገና ሳይቀመጥ ግምቱ ልክ እንደሆነ፣ ዝገቱንም በዓይኑ እንዳየ ማለ። ዓርብ በምሳ ሰዓት ቢሮው ብቻውን ነበር። ብቻውን ምሳ የሚበላ ሰው ወንጀለኛ አይባልም፤ ያጠራጥራል ግን።

ቅዳሜ ጠዋት ጃለኔ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ግቢው ውስጥ የቆመች አንዲት ታክሲ አሳየችና በየተራ በክሪክ እንዲያነሱላት ጠየቀች። አጸደ ክሪኩን አገላብጣ አይታ የት እንደሚገባ ጠየቀች። ሚልዮን እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከና በቀጥታ መኪናዋ ሥር ወሸቀው። ተከስተ እየሳቀበት ተቀበለው፤ ጎንበስ ከማለቱ በፊትም በእግሩ አንድ ድንጋይ ከኋላ ጎማው ፊት፣ አንድ ከኋላው ገፋ አደረገ።

«ይበቃኛል» አለች ጃለኔ።

ሳቁ እዚያው ቀረ።

«አቶ አጽብሃ ክሪክ አላነሱም፤ እጃቸው ላይ እርሳስ እንጂ ቅባት የለም። የሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ ያለው ከኮፈኑ ሥር ነው፤ ምን ሊሠሩ መሬት ይተኛሉ? ወረቀት አስደግፈው ቁጥሩን በእርሳስ ሲያነሱ ከኋላ ተመቱ። ወረቀቱ ተወሰደ፣ የእርሳሱ ምልክት ተወለወለ፣ እሳቸው ከመኪናዋ ሥር ተደረጉ። መኪናዋ ተንከባለለች አሉኝ፣ አቶ ተከስተ። ታኮ የተደረገላት መኪና አትንከባለልም። ክሪኩም አልወደቀም፤ በሰው እጅ ወርዷል። አደጋ ለማስመሰል ሲጣደፉ እንኳ እግርዎ የለመደውን ሠራ።»

«ታኮ ሁሉም መካኒክ ያደርጋል» አለ ተከስተ።

«ሠራተኞችዎ ግን በቡድን ወጥተው በቡድን ተመልሰዋል። እርስዎ ሄድኩበት ያሉት ሱቅ ደግሞ ዓርብ አልተከፈተም።»

ጃለኔ ከቦርሳዋ ወረቀትና እርሳስ አወጣች፤ ከኮሮላዋ ሞተር ጀርባ የተወለወለው ቦታ ላይ አስደግፋ አሸችና የመኪናዋ ቁጥር ከተጻፈበት ከአጸደ ሊብሬ ጎን አስቀመጠችው። ቁጥሮቹ አይገጣጠሙም።

ከዚያ በኋላ የኋላውን መጋዘን ማስከፈት ብቻ ነበር የቀረው። ከሸራ ሥር ሌላ ነጭ ኮሮላ ወጣች፤ ታርጋ የላትም፣ አንድ መብራቷ ጠፍቷል፣ ፓራውልቷ ተሰብሯል፣ ዝገት ግን የለባትም። ተከስተ ታርጋዋን ፈትቶ ሌላ ውዳቂ መኪና ላይ ገጥሞ ነበር፤ ጤነኛዋን ለራሱ ሊያስቀር።

ሚልዮን ግራ ገብቶት ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። «እንግዲያ ግምቴ…»

«ልክ ነበር» አለችው ጃለኔ፤ «የሌላ መኪና ሆነ እንጂ።»

ተከስተን ይዘውት ሲወጡ አጸደ አላየችውም። የመኪናዋን ኮፈን ከፍታ ቁጥሩን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር።

«ይህችን ሊያገኙልኝ ነበር የዘገዩት» አለች ቀስ ብላ፤ «እኔ ክራቫታቸውን ስይዝ።»