የኔሊዳ እባብ

«አንቺማ ዳቦውን ቁረጪ!» አሏት አክስቷ ኦርቴንሲያ፣ ኔሊዳ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ስትል። «የልጄን ሥራ እንዳታበላሺበት።»

የልጄ ሥራ! ኔሊዳ ቢላዋውን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። በጠባብ መተላለፊያ እየተጠማዘዘ ፖም የሚበላውን፣ በበላ ቁጥር የሚረዝመውን፣ ግድግዳ ሲነካ የሚሞተውን የኮምፒውተር ጨዋታ እባብ የሠራችው እሷ ናት። የአክስቷ ልጅ ኦስቫልዶ ውጭ ኳስ ሲያባርር፣ እሷ የእረፍቱን ወራት ኮምፒውተሩ በተያያዘበት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ትእዛዙን መስመር በመስመር ስትጽፍ ከረመች። ኮምፒውተሩ ግን የኦስቫልዶ ነው፤ እንግዲያው ጨዋታውም የእሱ ሆነ። የሚኖሩበት የቫልፓራይሶ ከተማ ኮረብታ ሰው ሁሉ ይህንኑ ያወራል። ዛሬ ደግሞ መምህር ኢላሪዮ ለሻይ ይመጣሉ፤ ጨዋታውን አይተው ለቅዳሜው የኮምፒውተር ትምህርት አንድ ልጅ ይመርጣሉ።

ብትናገርስ? አክስቷ ሁለተኛ እዚያ ኮምፒውተር ፊት አያስቀምጧትም።

ኦስቫልዶ አመድ መስሎ ወጥ ቤት ገባ።

«ኔሊ፣ ጉድ ሆንኩልሽ! የጨዋታው ካሴት ግማሽ ድረስ ይጭንና ቀጥ ይላል።»

«ማን ተራመደ?»

በዚያ ቤት ካሴት ወደ ኮምፒውተሩ ሲጫን እንኳን ሰው፣ ድመቷም አትነቃነቅም። የእንጨቱ ወለል አንዴ ከተንቀጠቀጠ አለቀ።

«ማንም አልተራመደም። ትናንት... ስሜን ስክሪኑ ላይ የምታሳይ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩና ካሴቱ ላይ ቀዳኋት። እስከ መጀመሪያው የተጠነጠነ መስሎኝ ነበር።»

«እባቤ ላይ ቀዳህበት?»

«መሃሉ ላይ።»

ሲሰርቅ እንኳን ወግ የለውም!

«በቃልሽ ታውቂው የለ? እናቴ መምህሩን በወሬ ትይዝልናለች። የጨዋታውን አንድ ደረጃ ብቻ ሥሪልኝ። በሞቴ!»

«ሙት እንግዲህ።»

በሩ ተንኳኳ። የመምህሩ ሳል ተሰማ፤ ተከትሎም የአክስቷ ድምፅ፦ «ብቻውን ነው እኮ የሠራው! አንድም ሰው አላገዘው።»

ኔሊዳ ዳቦው ላይ ስትቀባ ጣቶቿ ላይ የቀረውን አቮካዶ ጠርጋ ወደ ሳሎን ወጣች። መምህሩን ሰላም አለች። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠችና ሁለተኛ ወንበር ስባ ከጎኗ አደረገች። አክስቷ ዓይናቸውን አፈጠጡባት፤ እንዳላየች ሆነች።

«ኦስቫልዶ፣ ና ተቀመጥ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ካሴቱ ስለተበላሸ እንደገና እንጽፈዋለን። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ። የመጀመሪያው መስመር የእኔ ስም ነው። ስትጽፈው ጮክ ብለህ አንብበው፤ መምህሩ ይስሙህ።»