በሸክላው ላይ የዘፈነው ወንድ

ጋሽ ጆሮ ሙዚቃ በሚያዳምጡበት ክፍል፣ ከመሰላሉ ሥር ተዘርረው ተገኙ። በእግራቸው ላይ ካልሲ ብቻ ነበር። ከቀኝ ጆሯቸው በላይ ያለው አጥንት ተሰብሯል። በራስጌያቸው ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ሸክላዎች፣ በግርጌያቸው ደግሞ በጥቁር የድንጋይ ገበታ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ማጫወቻ አለ። ፖሊስ ሲደርስ መርፌው ዘፈኑን ጨርሶ በሸክላው መሃል ይንከራተት ነበር።

እኚህ ሰው በዕድሜያቸው ሙሉ ሥራቸው ማዳመጥ ነበር። አንድ የድሮ አልበም በወፍራም ሸክላና በሚያምር ሽፋን እንደገና ሲታተም፣ ሰዉ ኪሱን ከመዳበሱ በፊት የጋሽ ጆሮን ጽሑፍ ከጋዜጣ ላይ ይፈልጋል። ጽሑፉ ሁልጊዜ የሚያልቀው «ግዙት» ወይም «ተዉት» በሚል ቃል ነው። የጻፉትን ቃል የሚሽር አልነበረም።

«አለቃዬ፣ ይህ ምርመራም አያሻው» አለ ሃምሳ አለቃው። «አስከሬኑ አጠገብ የተገኘው አሳታሚው ነው። ቅዳሜ የእናቱን የድሮ አልበም በልዩ እትም ሊያወጣ ነበር። ሽማግሌው 'ተዉት' ሊሉበት ሆነ። ገፈተራቸው፣ ከዚያ መሰላሉን አቆመ። አለቀ!»

መርማሪዋ ብዙ የማትናገር፣ ሰው ሲያወራት ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። «ካቴናውን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ አቆየው። እዚህ የነካኸው ነገር አለ?»

«መርፌውን አነሣሁ፤ አጠፋሁት። ሌላ ምንም።»

ወደ ማጫወቻው ስትራመድ የእንጨቱ ወለል ተንቋቋ፤ የመርፌው ክንድም ተንቀጠቀጠ። ከማጫወቻው በላይ ግድግዳው ላይ «መርፌ ሲወርድ ሰው ይቀመጣል» የሚል ተለጥፏል። ጎንበስ ብላ ሞተሩን አየች፤ ሸክላውን የሚያዞረው ላስቲክ ሠላሳ ሦስት ተብሎ በተጻፈበት መዘውር ላይ ነው። ከዚያ የድንጋዩን ገበታ በጣቷ ዳሰሰችና አሸተተችው። ሦስቱ ማዕዘን ላይ ስስ አቧራ አለ። አራተኛው ተወልውሏል፤ ሸክላ የሚጸዳበት ፈሳሽ ይሸታል።

«ከመሰላል አልወደቁም። ያጋጫቸው ይህ ድንጋይ ነው» አለች።

«እኔስ ምን አልኩ?»

«አንተማ ብዙ አልክ።»

አሳታሚው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጥፍሩን የሚነክስ ልጅ ነው።

«ለምን መጣህ?»

«ጠዋት ደወሉልኝ። 'ና፤ ሸክላህ ውስጥ መኖር የሌለበት ነገር ሰምቻለሁ' አሉኝ። ስመጣ በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ... ወድቀዋል። ጮህኩ።»

«ይህ ልዩ እትም ምኑ ነው ልዩ? ዘፈኑ እኮ በስልክ በነፃ ይገኛል» አለ ሃምሳ አለቃው ከጀርባዋ።

ልጁ ሐዘኑን ረስቶ ተቆጣ። «በስልክ የምትሰማው ጥላውን ነው! እኛ ያሳተምነው እናቴ ከተቀዳችበት ከዋናው የቴፕ ክር ተወስዶ ነው። ደግሞም በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ጊዜ አይደለም የሚዞረው፤ አርባ አምስት ጊዜ ነው። ሲፈጥን ድምፁ ይጠራል። ቦታ ስለሚበላ አንዱ አልበም ሁለት ሸክላ ሆነ።»

መርማሪዋ ቀና አለች። «በአርባ አምስት እንደሚዞር ገዢው በምን ያውቃል?»

ልጁ አፈረ። «እናቴ የድሮው ስያሜ አንድ ፊደል እንዳይቀየር አለች። ስለዚህ ሸክላው ላይ ሠላሳ ሦስት እንደሚል ቀረ። ማስጠንቀቂያ ወረቀት ሽፋኑ ውስጥ ከተናል፤ የከፈተ ሁሉ ያገኘዋል።»

«ዋናውን ክር ማን ሰጠህ?»

«ጋሽ ሽቦ ናቸዋ። ያኔ የቀዷት እሳቸው ናቸው። ክሩ አርጅቶ እንዳይበጠስ እቤታቸው ራሳቸው ገልብጠው ሰጡኝ። ፋብሪካው ሌላ አገር ስለሆነ የመጀመሪያው ናሙና ሲመጣ አብረን እንስማ ብላቸው አሞኛል አሉ።»

ዘፋኟ እናቱ ታክሲዋን በሩ ላይ አቁማ እየሮጠች ደረሰች። ፀጉሯ ቢሸብትም ድምጿ ገና ኮሪደሩን ይሞላል።

«የኔ እናት፣ ልጄን እንዳትወስጂብኝ! ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እሱ ጋሽ ጆሮን? አሳድገውታል እኮ! ገና ድክ ድክ ሲል እዚህ አመጣው ነበር። አንድ ቀን ገበታውን ተደግፎ ሊነሣ ሲል መርፌውን ገፍቶ የኔኑ ሸክላ ሞነጨረባቸው። እንዴት ያለ ዕቃ! 'ተይው፣ ፈርሞበት ነው' ብለው ሳቁ።»

«አንቺ ይህን ማጫወቻ ነክተሽው ታውቂያለሽ?»

«እኔ? እንኳን ይህን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያም በአግባቡ አልጥድም።»

ፊት ለፊት ያለው በር የአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ስታወራ መርፌ ከከንፈሯ አይወጣም።

«ማን መጣ፣ ማን ሄደ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ከምሳ በኋላ ጋሽ ሽቦ መጡ። ትንሽ ተጯጯሁ። ሁልጊዜ ነው እህቴ፤ አንዱ 'ባሱ በዛ' ሲል ሌላው 'ጆሮህን ታጠብ' ይላል። ከዚያ ዝም አሉ። ቆይተው ጋሽ ሽቦ ወጡ። አንድ ጠፍጣፋ ቦርሳ እንደ ትሪ ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። እኔም በደረጃው ብርሃን የልብስ ቁልፍ ልጠቅም ስወጣ ነበርና ደረጃው ላይ ቆመን ሰላም ተባባልን። ስለ ጉልበታቸው እየነገሩኝ ሳለ ሙዚቃው ተከፈተ። 'አየሽው! ተኳርፈን ገና ሳልወርድ ዘፈኑን ለቀቀው' ብለው ሳቁ።»

ሃምሳ አለቃው ጣቱን አጮኸ። «ያው ነው! ጋሽ ሽቦ ከወጡ በኋላ በሕይወት ነበሩ። የቀረው ልጁ ብቻ ነው።»

መርማሪዋ ወደ እሱ አልዞረችም። «ምን ዓይነት ዘፈን ነበር?»

«እኔ እንጃ። አንድ ወንድ ነው የዘፈነው። ጎርናና። ሙሾ ነው የሚመስለው፤ ስፌቱም አስጠላኝ። እሱ አልቆ ጸጥ ካለ በኋላ ነው ልጁ መጥቶ የጮኸው።»

«ወንድ?»

«ወንድ! እኔ ወንድ መለየት አቅቶኝ ነው?»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ጋሽ ሽቦ የሚኖሩት ከሁለት መንገድ በኋላ፣ ብየዳ ብየዳ በሚሸት ክፍል ውስጥ ነው። እጃቸው ረጃጅም ነው፤ ወንበር ጋብዘው ሲቀመጡ በጉልበቶቻቸው መሃል ቀበሯቸው።

«ወንድሜ ነበር» አሉ። «የድምፅ ማጉያውን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ማጫወቻውንም የማድስለት እኔ።»

«የፍጥነት መቀየሪያ ቁልፍ ፈልጌ አጣሁበት።»

«የለውም። ላስቲኩን በጣት ካንዱ መዘውር ወደ ሌላው ማሻገር ነው። ላልለመደው ያስቸግራል።»

«ዛሬ ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«ያው የዘወትሩ። እሱ ልዩ እትም ነው ሲል እኔ የሀብታም መጫወቻ ነው እላለሁ።»

መደርደሪያው ላይ የዘፋኟ አዲሱ አልበም ነበር። ስሱ የፕላስቲክ መጠቅለያው ገና አልተቀደደም።

«አላዳመጡትም?»

«ማጫወቻዬ ተበላሽቷል።»

መርማሪዋ ከጎኑ ያለውን ማጫወቻ አየች፤ ክዳኑ ላይ አቧራ የለም። «ነገ ከሰዓት ጋሽ ጆሮ ቤት ቢመጡልኝ? ማጫወቻውን የሚችልልኝ ሰው የለም» አለችና ተነሣች።

በማግስቱ ሁሉም በዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። መሰላሉ ተነሥቷል። ዘፋኟ የልጇን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች፤ ሃምሳ አለቃው ከልጁ ጀርባ ቆሞ ካቴናውን ይነካካል። ልብስ ሰፊዋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። መርማሪዋ ለልጁ በጆሮው «ምንም ብታይ አፍህን ዝጋ» ብላዋለች። ላስቲኩንም ቀድማ አርባ አምስት ላይ አድርጋዋለች።

«ጋሽ ሽቦ፣ እስቲ ያን ዕለት የተገኘውን ሸክላ ያጫውቱልን።»

ጋሽ ሽቦ መነጽራቸውን አወረዱ። ሸክላው መሃል ያለውን ስያሜ አነበቡ። ከዚያ ሞተሩን አይተው ምላሳቸውን ነክሰው፣ በረጃጅም ጣቶቻቸው ላስቲኩን ወደ ሠላሳ ሦስት አሻገሩት። ልጁ ሊናገር ሲል እናቱ ቆነጠጠችው። ጋሽ ሽቦ ማጉያውን ከፈቱ፤ መርፌውን እንደ ሕፃን አስተኙት፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

ምንም ድምፅ የለም።

«ተበላሽቷል» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ይሞቃል» አሉ ጋሽ ሽቦ። «አምፖሎቹ እስኪግሉ ድምፅ አይሰጥም።»

«ስንት ያህል ይቆያል?» አለች መርማሪዋ። «አንድ ሰው ወጥቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ደረጃው ላይ ጎረቤት ሰላም እስኪል?»

የማጉያው አምፖሎች ቀስ ብለው ቀሉ። ከዚያ ሙዚቃው ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚወጣ ሁሉ መጣ፤ የሚጎተት ከበሮ፣ የሚያዛጋ ክራር የመሰለ ጊታር፣ ጎርናና የወንድ ድምፅ።

«እሱ ነው!» ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። «ያ ሙሾኛ ሰውዬ!»

«ይህ ማነው?» አለች ዘፋኟ። «ዘፈኑ የኔ ነው፤ ሰውየው ማነው?»

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ» አለ ልጁ። «ጋሼ፣ በአርባ አምስት እኮ ነው የሚዞረው!»

የጋሽ ሽቦ ፊት አመድ መሰለ። መርማሪዋ መርፌውን አነሣች።

«እዚህ ቤት መርፌ ከወረደ ሰው ይቀመጣል» አለች። «ሸክላ እያዞሩ መሰላል ላይ የሚወጡ ጋሽ ጆሮ የሉም። ስለዚህ ሸክላውን ያስጀመረው ሌላ ሰው ነው። ልጁ ቢሆን በአርባ አምስት ያጫውተዋል፤ ያሳተመው እሱ ነው። እናቱ ብትሆን ላስቲኩን ማሻገር አትችልም። ሙያውን የማያውቅ ሰው ደግሞ ጋሽ ጆሮ ያዳመጡበት አርባ አምስት ላይ እንዳለ ይተወዋል። ያሻገረው ማጫወቻውን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ፣ የድሮውን አልበም በሠላሳ ሦስት የለመደ፣ አዲሱን ግን አንድም ቀን ከፍቶ ያልሰማ ሰው ነው። ማጉያውን አጥፍቶ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ አስነሥቶት ወጣ። ዘፈኑ ሲጀምር እሱ ደረጃው ላይ ምስክር ይዞ ቆሟል። በተዘጋ በርና በጨዋታ መሃል፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ልብ አላለም።»

«አዲሱን ሰማኸው ወይ ስልህ ማጫወቻዬ ተበላሽቷል ብለኸኝ...» ዘፋኟ ሳትጨርስ ቀረች።

«የቀረን ምክንያቱ ነው» አለች መርማሪዋ። «ጋሽ ጆሮ 'መኖር የሌለበት ነገር ሰማሁ' አሉ። እዚህ መደርደሪያ ላይ የአልበሙ የድሮ ሽፋን አለ፤ ሸክላው ግን የለም። እንደ ትሪ ታቅፎ ወጥቷል። ጋሽ ሽቦ፣ ከዚያ በፊትስ ተውሰውት ነበር?»

ጋሽ ሽቦ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተውሼው ነበር» አሉ። «ዋናው ክር የለም። ከጠፋ ቆየ። ያኔ ክር አይገኝም ነበር፤ አለቃዬ ማስታወቂያ ቅዳ አለኝ፤ ባዶ ክር አጣሁ። በላዩ ቀዳሁበት።»

«የምን ማስታወቂያ?» አለች ዘፋኟ።

«የሳሙና።»

ዘፋኟ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መጨረሻው ሌላ ሆነ። «ድምፄን በሳሙና አጠብከው? ስንት ዓመት ሙሉ 'ክርሽ ከእኔ ጋር ነው፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው' ስትለኝ?»

«መናገር አቃተኝ። ልጅሽ ክሩን ሲጠይቀኝም አቃተኝ። ከጋሽ ጆሮ ሸክላ ገልብጬ ሰጠሁት። እሱ ግን አወቀው። ጠዋት አዲሱን ሲያዳምጥ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ያችን ጭረት አገኛት። 'ይህ የቤቴ ጭረት ነው፤ የልጄን ሳል የማላውቅ መሰለህ?' አለኝ። ለጋዜጣ እጽፈዋለሁ ሲል ገፋሁት። መግደል አልፈለግኩም። ድንጋዩ...» እጃቸውን ዘረጉ። «ሸክላው ቤት አለ፤ አልጋዬ ሥር። ልሰብረው ነበር። የሷ እውነተኛ ድምፅ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ መስበር አቃተኝ።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከልጁ ጀርባ ወስዶ በነዚያ ረጃጅም እጆች ላይ አጠለቀውና ሽማግሌውን በሩ ላይ ለቆሙት ፖሊሶች አስረከባቸው። ዘፋኟ የልጇን ክንድ የለቀቀችው ያኔ ነው፤ የጣቶቿ ምልክት እጀታው ላይ ቀርቷል።

«ታዲያ ይገዛል ወይስ ይተዋል?» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ልጁን ቀና ብሎ ማየት ከብዶት።

«እንዲህ እንዳለ ይተዋል» አለ ልጁ። «ውሸት ተጽፎበታል። ሽፋኑን ሁሉ እቀይራለሁ። 'ከዋናው ክር' የሚለው ወጥቶ 'ከጋሽ ጆሮ ሸክላ' ይባላል። ስያሜውም አርባ አምስት ይላል።»

«ጭረቱስ?» አለች እናቱ።

«በኮምፒውተር ይጠፋል።»

«ማን ነካውና! ፊርማህ ነው እኮ። አንተ ነህ የሞነጨርከው፣ እዚሁ ገበታ ሥር።»

ልጁ ድንጋዩን አየ፤ እናቱን አየ። መርማሪዋ ላስቲኩን ቀስ ብላ ወደ አርባ አምስት አሻገረችና መርፌውን አወረደች። የወጣት ሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ እስትንፋሷ ሳይቀር ይሰማል። ሁለተኛው ዘፈን እንደ ጀመረ፣ ከአንድ ቃል በኋላ፣ ጠቅ አለ። ዘፋኟ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ሃምሳ አለቃው ውሃ ሊያመጣላት ብድግ ሲል መርማሪዋ ክንዱን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው። መርፌው ወርዷል።