የግርጌው ጫማ

ሉልሰገድ በሕይወት ሳለ «ፒያሳ ቁጭ ብሎ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ የሚተኛ ሰው ከብት ነው» ይል ነበር። በሐምሌ ሁለተኛው እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ እሱ ራሱ ፒያሳ መሀል፣ በገዛ ሱቁ ጓዳ፣ እስከ አገጩ በተዘጋ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር የሺዓለም ከሬሳው ራስጌ ቆማ ይህን አባባሉን አስታወሰች። ተወልዳ ያደገችው እዚያው አራዳ ስለሆነ ሽማግሌውን በዝና ታውቀው ነበር። ሱቁ ከቸርችል ጎዳና ራስ ወረድ ብሎ፣ ጎረቤቶቹ ፈርሰው ለብቻው በቀረ ባለ እንጨት በረንዳ ፎቅ ላይ ነው። ወደ ተራራና ወደ በረሃ ለሚጓዙ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ያከራያል። ወደ አፋር የሚወርድ ሰው ወፍራም ከረጢት ካነሳ «ራስህን ልትቀቅል ነው?» ይለዋል፤ ወደ ራስ ዳሸን የሚወጣ ስስ ነገር ከመረጠ ደግሞ ከእጁ ነጥቆ መልሶ ይሰቅለዋል። የሺዓለም ሰው የሚንቁ ሰዎችን ትወድ ነበር። እሷም ከዚያው ወገን ናት።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ዘርዓብሩክ። ለጡረታ ሦስት ወር የቀረው፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተንጠለጠለ ሰው ነው። «በረደው፣ ከረጢት ውስጥ ገባ፣ ከሰሉን አስጠጋ፣ መስኮቱን ዘጋ። አለቀ።»

«አንተ ዘንድ ሁሉ ነገር ቶሎ ያልቃል» አለችው።

ሐኪሙም ያለው ከሳጅኑ ብዙ አይርቅም፤ ሰውየውን የገደለው የከሰል ጭስ ነው። የጣቢያው አዛዥ ይህን እንደሰማ ሌላ መስማት አልፈለገም። ከሰሉን የለኮሰችው ከረጢቶቹን የምታጥበው አሰፋች ስለሆነች ወዲያው አስያዛት፤ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት እንድትቀርብም አዘዘ። አዛዡ ድሃ የሚከሰስበትን ነገር ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶበት አያውቅም።

የሺዓለም ጓዳውን ዞር ዞር ብላ አየችው። በገመድ ላይ የታጠቡ ከረጢቶች ተሰቅለው ይንጠባጠባሉ። ሶፋው ላይ ባዶ የአረቄ መለኪያ አለ፤ ጋቢ መሬት ላይ ተጥሏል። አመድ የሞላው ማንደጃ ከሟቹ ራስ አንድ እርምጃ ላይ ነው። ሟቹ ያለበት ከረጢት ጠባብ ነው፤ እንደ መግነዝ እጅን ከጎን ጋር አጣብቆ ይይዛል። የራስ መሸፈኛው ማሰሪያ ከአገጩ ሥር በውጭ በኩል ተቋጥሯል። ግርጌው ላይ እብጠት አየችና ከረጢቱን አስከፈተች። የሟቹ ጫማ ነበር፤ በፌስታል ተጠቅልሎ ከእግሩ አጠገብ ተቀምጧል።

በተቆለፈው የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ አንድ ፖስታ አገኘች። በውስጡ ጠርዙ ቀይ የሆነ፣ በእጅ የተሠራ አንድ ግራጫ የሱፍ ካልሲና «ሙደሲር» ተብሎ የተጻፈበት ቁራጭ ፕላስተር ነበር። ሳጅኑ አፍንጫውን ያዘ።

አሰፋችን ጣቢያ አግዳሚ ላይ አገኘቻት። ስድሳውን ያለፈች፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ የምትቀመጥ፣ ማንንም የማትለምን ሴት ናት። በክረምት ከረጢት በፀሐይ ስለማይደርቅ ከሰል እንደምታነድ ነገረቻት። በረንዳው ላይ ለኩሳ፣ ጭሱ ወጥቶ ፍም ሲሆን ብቻ ታስገባዋለች፤ መስኮቱንም ሁለት ስንዝር ትከፍታለች። ሰባት ሰዓት ላይ ስትወጣ ማንደጃውን ወደ በረንዳው መልሳዋለች። ሉልሰገድ የእሑድ አረቄውን ጠጥቶ ሶፋው ላይ በጋቢው ያንኮራፋ ነበር። እሑድ ከምሳ በኋላ እሱን መቀስቀስ እንደማይቻል፣ የኋላው ደረጃ በርም እንደማይቆለፍ ሱቁን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

«ሠላሳ ዓመት ከሰል አንድጃለሁ፣ ልጄ» አለች። «አያያዙን ዛሬ አልረሳውም።»

«የተገኘው በጠባቡ ከረጢት ውስጥ ነው፣ እትዬ። ሲጠቀለል ትንሽ በሚሆነው።»

አሰፋች ያኔ ገና ደነገጠች። «የላባውን? እርጥብ በተሰቀለበት ቤት? ላባ እርጥበት ከሳበ ይጓጉላል፣ ሙቀት አይዝም። ሉልሰገድ ይህን ሳደርግ ቢያየኝ ያባርረኝ ነበር።» ቆም ብላ አሰበች። «ደግሞስ እንዴት ዘጋው? ከውስጥ በኩል ዚፑን የምትስበዋ ብረት ተሰብራ ቅዳሜ ዕለት በጉጠት ነቅያታለሁ።» የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ከጥፍር የማትበልጥ ብረት አሳየቻት።

የሺዓለም ብረቷን በመዳፏ አገላበጠች። አሁን ነገሩ አደጋ አይደለም። ግን አዛዡን ለማሳመን ብረቷ አትበቃም፤ ነገሩን ለመሸፈን አሰፋች ራሷ የፈጠረችው ነው ይላል። ገዳዩን ይዛ መቅረብ አለባት።

ስለ ካልሲውም ጠየቀቻት። የሱቁ ልማድ እያንዳንዱ ከረጢት ለጉዞ ሲወጣ የሚተኛበትን ሰው ስም በፕላስተር ጽፎ አፉ ላይ መለጠፍ ነው። የላባው ከረጢት ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በመጋቢት፣ ወደ ስሜን ለሚሄድ ቡድን ነበር፤ ስሙም የበቅሎ ነጂው የሙደሲር ነው። አሰፋች አራት ወር ሳይነካ የቆየውን ከረጢት ቅዳሜ ዕለት ለማጠብ ስታዘጋጅ ካልሲውን ከግርጌው አገኘችና ከፕላስተሩ ጋር ለሉልሰገድ ሰጠችው። አየው፣ ፊቱ ጠቆረ፣ እንዳታጥበውም ከለከላት።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሺዓለም ሱቁ ውስጥ የሟቹን የእህት ልጅ ቴዎድሮስን አነጋገረች። ሱቁን የሚወርሰው እሱ ነው። ጭቃ ነክቶት የማያውቅ የተራራ ጫማ አድርጓል፤ ሥራው የሱቁን ዕቃ ፎቶ እያነሳ ስልክ ላይ መለጠፍ ነው፤ ከእንጦጦ ወዲያ ያለ ተራራ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አጎቱ ቅዳሜ በስልክ ሰው ሲሰድብ እንደሰማ ነገራት። ለማን እንደሆነ አያውቅም።

«ምን አለ?»

«‹ሰኞ ማኅበሩ ፊት ካልሲህን ሰቅዬ አሳይሃለሁ› ነው ያለው። ስድብ መስሎኝ ሳቅኩ።»

«እስቲ ራስ ዳሸን ብትወጣ የትኛውን ትይዛለህ?» አለችው ወደ መደርደሪያው እያመለከተች።

ቴዎድሮስ ሳያመነታ ፍራሽ የሚያህለውን፣ በጥጥ የታጨቀውን ሰማያዊ ከረጢት ነካ። «ይሄን ነዋ። ውፍረቱን አያዩትም?»

«ያችኛዋስ?» ሙልሙል ዳቦ ወደምታክል ጥቅል ጠቆመች። ሁለተኛዋ የላባ ከረጢት ናት።

«ትራስ አይደለችም እንዴ?»

የሺዓለም ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሦስት ዓመት እዚህ ቤት ውሎ ላባን ከትራስ የማይለይ ወራሽ ለሉልሰገድ ከሞትም የባሰ ቅጣት ነው ብላ አሰበች።

አስጎብኚው ካሕሳይ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ሃያ ዓመት ፈረንጅ ተራራ ያወጣ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ድምፁ ከማንም በላይ የሚሰማ ሰው ነው። ከሟቹ ጋር ወዳጆች ነበርን አለ። የመጋቢቱን ጉዞ የመራው እሱ ነው፤ በዚያ ጉዞ የሙደሲር የግራ እግር ጣቶች በብርድ ሞተው ተቆርጠዋል። የሺዓለም ምክንያቱን ስትጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ሽማግሌው አርጅቶ ለበቅሎ ነጂው የበረሃ ከረጢት ልኮለት ነው አለ። ወሬውን ከተማው ሁሉ ሰምቶታል፤ ሉልሰገድም አራት ወር ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ከርሟል።

«እኔ ስለዚህ ዕቃ ምንም አላውቅም» አለችው የሺዓለም። «እንዴት እንደሚመረጥ ያሳዩኝ።»

ካሕሳይ ሌላ ልመና አላስፈለገውም። «ስሊፒንግ ባግ በውፍረቱ አይመረጥም፣ እህቴ» ብሎ ጀመረ። ሰፊ ከሆነ ገላ ባዶ አየር ሲያሞቅ ያድራል። ደረቅ ብርድ ላለበት ለስሜን ላባ ነው፤ ጭጋግና ዝናብ ለማያጣው ለባሌ ቢረጥብም ሙቀት የማይለቅ ሰው ሠራሽ ሙሌት፤ ለአፋር ከአንሶላ ብዙ ያልበለጠ ስስ ነገር ይበቃል። ጃኬት ደራርቦ የሚገባበት ሞኝ ሙሌቱን ይጨፈልቀዋል። ደንበኞቹን በየማታው እሱ ራሱ በእጁ እንደሚያስተኛ ተናገረ፤ ሃያ ዓመት አንድ ቀን አላጎደለም።

«እስቲ ሳጅኑን ያስተኙት።»

ካሕሳይ ሁለተኛዋን የላባ ከረጢት በአንድ እጁ ዘረጋና አራገፋት። ሳጅኑን አስገባው፣ ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ ግርጌው ከተተ፣ ዚፑን ሳበ፣ ማሰሪያውን ከአገጩ ሥር ቋጠረ። እጁ ሲሠራ አፉ አላረፈም። የሺዓለም ከዚህ ሁሉ የታያት የሳጅኑ ካልሲ ቀዳዳ ብቻ ይመስል፣ መንግሥት ካልሲ አይሰፍርልህም ወይ ብላ ወረፈችው። ካሕሳይ ከልቡ ሳቀ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጓዳው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አሰፋች በሁለት ፖሊሶች መሀል መጣች። አዛዡም መጥቶ በር ላይ ቆመና ሰዓቱን አየ።

«በአጭሩ» አላት።

«ነገሩ አጭር ነው። የረዘመው እኛ ሳናይ ስላለፍነው ነው» አለች የሺዓለም። ሟቹ የተገኘበትን የላባ ከረጢት አንስታ የዚፑን የውስጥ በኩል ለአዛዡ አሳየችው። «የውስጧ መሳቢያ ብረት የለችም። ማሰሪያውም በውጭ ነው የተቋጠረው። በአረቄ የደነዘዘ ሰው ቀርቶ እርስዎም ቢሆኑ ከውስጥ ሆነው ይህን መዝጋት አይችሉም። ሌላ ሰው ነው የዘጋበት። ቢነቃ እጁ እንዳይወጣ ጠባቡን መረጠ፤ ከበረንዳው ማንደጃውን አስገባ፤ መስኮቱን ዘግቶ ሄደ።»

አዛዡ አሰፋችን አየ።

«እሷ አይደለችም። ብረቷን የነቀለችው እሷ ናት፤ ሰውየው ራሱ ዘጋው ለማስባል ሲፈለግ፣ ከውስጥ እንደማይዘጋ የሚታወቀው ብቸኛው ከረጢት አይመረጥም። ገዳዩ ስለ ብረቷ አያውቅም ነበር።»

ቴዎድሮስ ወደ ግድግዳው አፈገፈገ።

«አንተም አይደለህም» አለችው ፊቷን ሳታዞርለት። «የላባውን ከረጢት ትራስ ነው ብለህ ታልፈው ነበር፤ አጎትህን በሰማያዊው ፍራሽ ትጠቀልለው ነበር። አለማወቅህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመህ።»

ካሕሳይ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። የሺዓለም የሟቹን ጫማ ከነፌስታሉ ከጠረጴዛው አነሳች።

«ይህ ግርጌው ውስጥ ነበር። ፒያሳ ላይ ለቀን እንቅልፍ ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ እግሩ ሥር የሚከት ማን ነው? ተራራ ላይ ግን በረዶ እንዳያደርቀው ያስገቡታል። ሰው በእጁ ሲያስተኛ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ሳያስበው ያደርገዋል። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሳጅኑንም እንደዚሁ አስተኝቶታል።»

ሳጅን ዘርዓብሩክ እግሩን አየ።

«ለምን እገለዋለሁ?» አለ ካሕሳይ። ድምፁ ግን ቀንሷል።

«ሱሪህን ከፍ አድርግ።»

አልነቃነቅ ሲል ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ከፍ አደረገለት። ካልሲው ግራጫ ነበር፣ ጠርዙ ቀይ። የሺዓለም አምሳያውን ከፖስታው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ይህ ሙደሲር ተብሎ ከተጻፈበት ከረጢት ግርጌ ተገኘ፤ ሉልሰገድ ያንተን ካልሲ ለይቶ ያውቃል። ሉልሰገድ ለበቅሎ ነጂው የላከው ላባ ነው፤ ብርድ ማዕረግ አይጠይቅም ብሎ ያምን ነበርና። የበረሃውን ከረጢት ይዘህ የወጣኸው አንተ ነህ። የቱን እንደምትይዝ ሳትለይ ሄደህ፣ ሃያ ዓመት በሌሎች የምትስቅበትን የጀማሪ ስህተት ሠራህ። አፈርክና ማታ በሙደሲር ከረጢት ቀየርከው። እሱ ጣቶቹን አጣ፣ ሽማግሌው ስሙን አጣ፣ አንተ ሞቀህ ተኛህ። ዛሬ ካልሲህ በአስጎብኚዎች ማኅበር ፊት ሊቆም ነበር።»

ካሕሳይ ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ አዛዡ ቆሟል። ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። አዛዡ ጉሮሮውን ጠርጎ አሰፋችን ልቀቋት አለ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም። ይቅርታ ከወንበሩ ዝቅ የሚያደርገው የሚመስለው ሰው ነው።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለች የሺዓለም። «ለፈረንጆቹ በየማታው ጫማቸውን ግርጌ ታስገባለህ። ለገደልከው ሰው እንኳ አስገባህለት። ያን ሌሊት ለሙደሲር አስገብተህለታል?»

ካሕሳይ እጆቹን እየዘረጋ ጥያቄው እንግዳ እንደሆነበት ሰው አያት።

«የኮንጎ ጫማ ነበር ያደረገው» አለ። «ለኮንጎ ጫማ ማን ይጨነቃል?»

አሰፋች ነጠላዋን አስተካክላ በመሀላቸው አለፈችና መስኮቱን ሁለት ስንዝር ከፈተችው።