ቦታ ጠበበኝ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን ስሙንም አልቀየርኩም፣ ሰዓቱንም አልረሳሁም።

አሰላ። ባለፈው ሐምሌ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዝናቡ ገና ከጭላሎ ተራራ እየወረደ ነበር።

ባሌ ወንደሰን ከሞተ ሁለት ወሩ ነበር።

ወንደሰን የእድራችን ለፋፊ ነበር። እንደ ድሮው ጡሩምባ ይዞ አይዞርም። የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በትንሿ ላፕቶፑ ይቀዳና በፍላሽ ለባጃጅ ይሰጣል፤ ባጃጇ በድምፅ ማጉያ ሰፈር ለሰፈር ታሰማለች።

የራሱን ሞት ግን ሌላ ሰው ለፈፈው።

ከእሱ የቀረኝ ድምፅ እዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። የሰው መርዶ ነው... እኔ ግን እሱንም ቢሆን በየቀኑ ከፍቼ እሰማለሁ። ስጨርስ አጥፍቼ ሳጥን ውስጥ እቆልፍባታለሁ።

የዚያን ቀን ስከፍታት «ቦታ ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ አመጣች።

ገረመኝ። ማን ቀድቶባት?

ገብቼ አየሁ። አርባ አንድ አዳዲስ ቅጂዎች... ሁሉም እሱ ከተቀበረ በኋላ። ሁሉም ላፕቶፗ ጠፍታ፣ ሳጥን ውስጥ በነበረችበት ሰዓት።

የመጨረሻውን ከፈትኩት።

ዝናብ። የጋሪ ፈረስ ኮቴ። አንዲት ሴት ታለቅሳለች...

እኔ ነኝ። ትናንት ነው ያለቀስኩት፣ እዚሁ ቤት።

ከዚያ፣ ልክ ማይኩ አጠገብ፣ በሹክሹክታ...

«ሰኒ...»

እኔን ሰናይትን ሰኒ ብሎ የሚጠራ እሱ ብቻ ነው።

«ሰኒ... ቦታ ጠበበኝ።»

አልጮህኩም። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ።

ላፕቶፗን በነጠላዬ ጠቅልዬ ዛኪር ሱቅ ሮጥኩ። ዛኪር ኮምፒውተር ይጠግናል፤ የባሌ ጓደኛ ነው። የሰማሁትን አልነገርኩትም።

ክዳኗን ፈትቶ ጆሮውን አስጠጋ።

«ዲስኩ ይንቋቋል፣ አርጅቷል። ልቀይረው እችላለሁ። ግን ቅጂው ወደ አዲሱ ሲገለበጥ ይሄኛው ሊሞትብኝ ይችላል፤ ኋላ እንዳታዝኚብኝ።»

«ካልተቀየረስ?»

«እንደሞላ ይቀመጣል። ከእንግዲህ ምንም አይጨምርም።»

ምንም አይጨምርም... እንግዲህ አይናገርም ማለት ነው።

ያለው ይበቃኛል፣ ተወው ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ጠበበኝ ያለ ባል እንዴት ይተዋል?

«ቀይረው። ትልቁን አስገባ።»

ሳቀ። «እህቴ ሰናይት፣ ለዚች? ባጃጅ ላይ የአይሱዙ ጭነት! መካከለኛው ይተርፋታል።»

«ትልቁን አልኩህ።»

አየኝ። ሳቁን ዋጠው።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሁሉም ተገለበጠ። አሮጌው ዲስክ መጨረሻው ላይ ቀጥ አለ፤ ዳግመኛ አልተነሳም።

«አልሃምዱሊላህ፣ ለጥቂት ደረስን» አለ ዛኪር።

በማግስቱ አዲስ ቅጂ አገኘሁ።

«ሰኒ?... የት ነሽ?»

ድምፁ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ሰው ያስተጋባል።

«ሰፊ ነው... ግድግዳው አይታየኝም። እስቲ ጥሪኝ።»

ጠራሁት። ላፕቶፗ ላይ ተደፍቼ ወንዴ፣ ወንዴ አልኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ።

አልሰማኝም።

በሦስተኛው ቀን ራቀ። በአምስተኛው ቀን፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ እንኳ ስሜን በግድ ነው የለየሁት።

ዛኪር ጋ ተመለስኩ።

«ትንሹን መልስልኝ።»

«እህቴ... የሞተ ዲስክ አይመለስም።»

«በስፋቱ ጠፋብኝ፣ ዛኪር!»

ማን እንደጠፋብኝ አልጠየቀኝም። ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ።

በሰባተኛው ቀን የመጨረሻው ቅጂ መጣ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

ቅጂው ላይ እርምጃ ይሰማል። ዝግ ያለ፣ የደከመ። «ሰኒ... ሰኒ...» ይላል፣ በጣም ከሩቅ።

ከዚያ ሴት መለሰችለት።

«አቤት፣ ወንዴ... በዚህ ና።»

ድምፁ የእኔ ነው።

እኔ ቅጂው በተቀዳበት ሰዓት መቃብሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቃል አልወጣኝም።

እርምጃው ቆመ።

«አለሽ እንዴ?» አለ። እንደዚያ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም።

ወደ እሷ ሲሮጥ ይሰማል...